ጂፒኤሱ ካምፐራችሁን ጅማ ላይ ሲያሳስት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ከአዲስ አበባ በትልቅ ካምፐር (መኝታና ማብሰያ ባለው የጉዞ መኪና) ጅማ መድረስ አያስቸግርም። ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ የጊቤ ድልድይ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ እያላችሁ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣጣው የሚመጣው ዋናውን አስፋልት ለቃችሁ ስትታጠፉ ነው። የጂፒኤስ መሣሪያ ገና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ስለ ጠባብ መንገድ የተጻፈውን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

«ጅማ» ብዬ ጻፍኩ፣ ወደ ወለጋ መራኝ

መሣሪያው አልተበላሸም። ጅማ አርጆ አለ፣ ጅማ ገነቲ አለ፣ ጅማ ራሬም አለ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ነክታችሁ ከሆነ ወደ አንዱ ነው የሚወስዳችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት መስመሩን ሙሉውን አውጥታችሁ እዩት። በወልቂጤ ካላለፈ ሰርዙት።

ከተማ ከገባችሁ በኋላ በቤት ቁጥር ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም፤ ከአስተናጋጃችሁ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን ካርታ ላይ የሚያሳዩትን ቁጥሮች፣ ተቀበሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጻጻፉን ነው። 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ማለት በአስርዮሽ 7.667 ነው። 7.40 ብላችሁ ካስገባችሁ ከምትፈልጉት ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ትወርዳላችሁ።

መዞሪያ የሌለው ጠባብ መንገድ ውስጥ አስገባኝ

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የታወቀ ነው፦ ጉግል ማፕስ ቁመታችሁንም ክብደታችሁንም አይጠይቅም፤ እንደ ትንሽ መኪና ነው የሚመራችሁ። ወደ ጂረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስትወጡም ሆነ መርካቶ አካባቢ ስትገቡ ለእሱ መንገድ ሁሉ አንድ ነው።

ሁለተኛውን ሻጭ አይነግራችሁም። ጋርሚንና ቶምቶም ለካምፐር ብለው የሚሸጧቸው መሣሪያዎች አውሮፓ ላይ ጎበዝ የሆኑት የየድልድዩ ቁመትና የክብደት ገደብ ካርታው ላይ ስለተመዘገበ ነው። ያ መረጃ በሌለበት አገር ውዱ መሣሪያም ተራ ካርታ ነው። ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ «ኢትዮጵያ ካርታው ውስጥ አለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ «መንገዱ ብቻ ነው ወይስ የከፍታና የክብደት ገደብም አለው?» በሉ። ሁለተኛውን በእርግጠኝነት የማይመልስ ሻጭ ከሆነ ብራችሁን ለጎማ አስቀምጡት።

በእኔ አስተያየት ለጅማና ለአካባቢዋ ኦስምአንድ የሚባለው የካርታ መተግበሪያ የተጫነበት ጥሩ ስልክ ይበቃል። የከባድ መኪና አማራጭ አለው፤ ቁመትና ክብደት ትሞሉለታላችሁ። ካርታው ግን በጎ ፈቃደኞች የሞሉት ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ ማንም ያልመዘገበውን ገደብ አያውቅም። ዝም ካለ «ያልፋል» ማለቱ አይደለም። የተንጠለጠለ የመብራት ሽቦና የዛፍ ቅርንጫፍማ የትኛውም ካርታ ላይ የለም።

ስለዚህ ቁመታችሁን ራሳችሁ በሜትር ለኩ፤ ኤሲውን፣ ሶላሩን፣ ፖርቶመጋላውን ጨምራችሁ። መጽሐፉ ላይ በጫማ ከተጻፈ ወደ ሜትር ቀይሩት፤ 13 ጫማ ከ6 ኢንች 4.11 ሜትር ነው። ቁጥሩን ከዓይናችሁ ፊት ለጥፉት።

መታጠፊያው ላይ ከተጠራጠራችሁ ቁሙና የባጃጅ ሹፌር ጠይቁ። «ያስገባል?» ካላችሁት «አዎ» ይላችኋል፤ ለባጃጅ የማያስገባ ምን አለ? «ወንድሜ፣ ቡና የጫነ አይሱዙ እዚህ ይገባል? ገብቶስ የት ይዞራል?» በሉት። መልሱ ወዲያው ይለያል።

ነጥቡ ይሄዳል፣ ካርታው ግን ባዶ ነው

ወደ ቦንጋና ሚዛን ስትወርዱ ኔትወርክ ሲጠፋ ይህ ያጋጥማል። ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው። ዋይፋይ ባለበት አስቀድማችሁ አውርዱ።

ነጥቡ ይዘላል፣ ወይም ቦታዬን አላገኝ ይላል

መሣሪያው ቦታችሁን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይት ማየት አለበት። ሙቀት የሚከላከል ሽፋን ያለው የፊት መስታወት ሲግናሉን ያዳክማል። ስልኩን ከኋላ ማያ መስታወቱ አጠገብ ሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ሽፋኑ አይደረግም። ካልሆነ የውጭ አንቴና ነው።

ቻርጀሩ ተቃጠለ

በከባድ መኪና ሻሲ ላይ የተሠራ ካምፐር ብዙውን ጊዜ 24 ቮልት ነው፤ የቤት መኪና ቻርጀር 12 ነው። «12–24» የሚል ካልተጻፈበት አትሰኩት።

ካርታው መንገድ ያሳያል፣ ፊቴ ያለው ጭቃ ነው

ክረምትና በጋ ካርታው ላይ አንድ መስመር ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም አስፋልት ያልሆነ መንገድ እንዲዘልላችሁ ቅንብሩ ውስጥ አዙሩት፤ የጅማ አፈር ሲርስ ከባድ መኪና አይለቅም።

የነገረኝ ሰዓት አለፈ፣ ገና መንገድ ላይ ነኝ

የመድረሻ ሰዓቱ የተሰላው በትንሽ መኪና ፍጥነት ነው። የጊቤን ቁልቁለት እናንተ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየቆማችሁ ነው የምትወርዱት፤ ማዶ ያለውን ዳገት ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ። በቂ ሰዓት ጨምሩበት። ወልቂጤ ስትደርሱ ፀሐይ ካዘቀዘቀች እዚያው እደሩ።