የሐረማያን ዳር ለውሃ ወፎች መመለስ፦ ለሐረርና ለድሬ ልጆች ከየት ይጀመራል

ሐረማያ ውሃ ተመለሰ ተብሎ ሁላችንም ፎቶ ለጥፈናል፣ ደስ ይላል እውነት ነው፣ ግን ውሃ ስላለ ብቻ ወፍ አይኖርም። ሐይቁ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሙልጭ ብሎ ሲደርቅ ምክንያቱ አንድ አልነበረም፣ ሐረር ከተማ ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሱ ነው፣ ዙሪያው ያለው ጫትና ድንች በሞተር እየተሳበ የጠጣው ከሱ ነው፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል ደግሞ ከስር እየሞላው ነበር። ስለዚህ ከማኅበር ልጆች ጋር ወይ ከዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂስቶች ጋር ሆናችሁ የሐረማያን ወይ የጎረቤቱን የአዴሌ ሐይቅ አንድ ጥግ ለወፍ እናመቻች ካላችሁ መጀመሪያ ችግኝ አትግዙ፣ መጀመሪያ ውሃውን እወቁት፣ ከየት ይገባል፣ ስንት ይጠልቃል፣ በየትኛው ወር ይሸሻል። ይሄን ካስተካከላችሁ ወፉን ማንም ሳይጠራው ራሱ ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚስተው ጥልቀቱን ነው። አብዛኛው ዳክዬ ጠላቂ አይደለም፣ ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ከቶ ጭራውን ወደ ላይ ሰቅሎ አንገቱ እስከደረሰበት ድረስ ነው የሚለቅመው፣ ያ ማለት 25 ወይ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ በታች ያለው ምግብ ለሱ የለም ማለት ነው። ጭቃ እየወጉ የሚበሉት ባለ ረጅም እግሮቹ ደግሞ ከ10 ሴንቲ ያነሰ ውሃ ነው የሚፈልጉት። ጥልቁን የሚወዱት ጠላቂዎቹ ናቸው፣ ለምሳሌ ያ ሰውነቱ ጥቁር፣ መንቁሩና ግንባሩ ነጭ፣ አናቱ ላይ ሁለት ቀይ እብጠት ያለው ወፍ። ስለዚህ ኤክስካቫተር ተገኘ ተብሎ ዳሩን እንደ ጉድጓድ ቀጥ አድርጎ መቆፈር ለውሃ መያዣ ይሆን ይሆናል እንጂ ለወፍ አይሆንም። ዳሩ በጣም ለስላሳ ተዳፋት መሆን አለበት፣ ቢያንስ 10 ሜትር ሄዳችሁ 1 ሜትር የሚወርድ፣ 20 ሜትር ሄዶ 1 ሜትር ከወረደማ በጣም አሪፍ ነው።

ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ግንበኞች የሚጠቀሙበት ውሃ ልክ ይበቃል፣ ያው ነጩ ቀጭን ጎማ። ውሃ ሙሉበትና ውስጡ የአየር አረፋ እንዳይቀር አጣሩ፣ ከዛ ሜትር የተሰመረበት ሁለት እንጨት ይዛችሁ አንዱ ሰው ከላይ ይቁም ሌላው ወደ ሐይቁ ይውረድ፣ በየ5 ሜትሩ የሁለቱን ንባብ ልዩነት ጻፉና ችካል ምቱ። ከዛ እኩል ከፍታ ላይ ያሉትን ችካሎች በሲባጎ አገናኙ። ጥቅምት ላይ ውሃው የት እንደሚደርስ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ፣ በትክክል ያሳዩአችኋል፣ ከዛ መስመር ወደ ውስጥ 30 ሴንቲ እስኪጠልቅ ድረስ ያለው መሬት ነው ዋናው የሥራ ቦታችሁ።

ወሩ ለምን ጥቅምት መሰላችሁ፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ዳክዬዎች ከዛን ጊዜ ጀምሮ ገብተው እስከ መጋቢት ገደማ ይቆያሉ። በጋና በበልግ መሃል ውሃው ቀስ ብሎ ሲሸሽ የተገለጠው ጭቃ ላይ ቄጠማና ሳር ይበቅላል፣ ዘር ያፈራል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃው ይውጠውና የበሰበሰው ሳር ትላትልና ጥቃቅን ነፍሳትን ያረባል፣ ወፉ ሲደርስ ዘሩም ትሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የውሃ መሸሽ ጉዳት አይደለም ማለት ነው፣ ጉዳቱ በሞተር ተስቦ በአንዴ ጭልጥ ሲል ነው ምክንያቱም ጭቃው ሳይበቅልበት ይሰነጠቃል።

አሁን ችግኝ አትግዙ ያልኩበት ምክንያት፣ አፈሩ ውስጥ ዘር ሊኖር ይችላል። የረግረግ ተክል ዘር ደረቅ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ከተለያየ ቦታ የላይኛውን 5 ሴንቲ አፈር ዛቁ፣ ቀላቅሉትና ሁለት ሳፋ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ አንጥፉት፣ ጀሪካን ለሁለት ቆርጣችሁም ይሆናል። አንዱን ሁሌ እርጥብ አድርጉት፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት ጣት ውሃ ይቁምበት፣ ፀሐይ የሚያገኝ ግን ዶሮ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጡና የበቀለውን በየሳምንቱ ፎቶ አንሱ። ቄጠማና የውሃ ሳር ከበቀለ ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ ውሃውን ብቻ አስተካክሉ። የእርሻ አረም ብቻ ከሆነ የበቀለው ያኔ ከአዴሌ ወይ ቅርብ ካለ ረግረግ ከነሥሩ ትንሽ ትንሽ አምጥታችሁ ትተክላላችሁ፣ ከሩቅ አገር ግን በፍጹም፣ እንቦጭ ጣና ላይ ምን እንዳደረገ እናውቃለን።

ፊላ ጥሩ መደበቂያ ነው ግን ከለቀቃችሁት ሁሉን ይሸፍንና ዳክዬ የሚያርፍበት ክፍት ውሃ ይጠፋል። ግማሽ ተክል ግማሽ ክፍት ውሃ፣ እንደ መንደር መንገድ የተጠላለፈ ሲሆን ነው ወፍ የሚበዛው። ፊላን ለመቀነስ ኬሚካል አያስፈልግም፣ በማጭድ ከውሃው ወለል በታች ቁረጡት፣ ጉቶው ላይ ውሃ ቆሞበት መቆየት አለበት ምክንያቱም ሥሩ የሚተነፍሰው በዛ ቱቦ ነው፣ ውሃ ሲገባበት ታፍኖ ይበሰብሳል። ከውሃ በላይ ከቆረጣችሁት ግን ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ድካም ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። እና ይሄን ሥራ ወፍ እንቁላል ላይ በተቀመጠበት ሰዓት እንዳትሠሩት፣ ጎጆ ካያችሁ ያን ጥግ ተዉት።

ባሕር ዛፍ ሐይቅ ዳር አትትከሉ፣ እባካችሁ። ውሃ ይጠጣል፣ ደግሞ ዳክዬ ረጅም ዛፍ አጠገቡ ካለ ጭልፊት ተደብቆ ያየኛል ብሎ አያርፍም። ዛፍ የሚያስፈልገው ላይ ተራራው ላይ ነው፣ እዛ እርከን፣ ቦረቦሩ ላይ የድንጋይ ክትር፣ አፋፉ ላይ ቬቲቨር የሚባለው ሳር። ደለሉ ከላይ ካልቆመ ታች የለካችሁት 30 ሴንቲ በጥቂት ክረምት ይሞላል።

ከገበሬው ጋር የምታወሩበት መንገድ ሁሉን ይወስናል። ኦቦ ሞተሩን ያጥፉልን ብላችሁ ከጀመራችሁ አለቀ፣ ልጆቹን የሚያሳድገው በዛ ጫት ነው፣ ማንም ቢሆን አይሰማችሁም። ሐረርጌ ውስጥ ግን ሰው ሰንጋውን አስሮ ሳር አጭዶ እያመጣለት ነው የሚያደልበው፣ ስለዚህ ከውሃው ዳር 20 ወይ 30 ሜትር ስፋት ያለው የሳር ቀበቶ ይተው፣ ሳሩን ደግሞ ባለ መሬቱ ራሱ አጭዶ ለሰንጋው ይውሰድ በሉ። ያ ሳር ከማሳ የሚታጠበውን ማዳበሪያና ደለል ያጣራል፣ ከብትም ውሃ ዳር ወርዶ አይረግጠውም። ሌላ የምትለምኑት ነገር የፀረ ተባይ መርጫውን ሐይቁ ውስጥ እንዳያጥቡ ነው፣ ዳክዬ የሚበላው ትል መጀመሪያ የሚያልቀው በሱ ነው። መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ቀበሌውና የወረዳው ግብርና የሚያውቀው መሆኑ ደግሞ ዶማ ከመነሳቱ በፊት በወረቀት ያለቀ ይሁን።

የድሬ ሰው ወባ ልታመጡብን ነው ይላችኋል፣ ስጋቱ ትክክል ነው፣ አትናቁት። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ የተነሳው ወረርሽኝ ከአኖፌሌስ ስቴፈንሲ ጋር የተያያዘ ነበር፣ ይሄ ትንኝ ደግሞ በብዛት የሚራባው ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት ነው፣ በርሜል፣ ታንከር፣ የግንባታ ጉድጓድ። ቢሆንም ሌላው የወባ ትንኝ ፀሐይ ያገኘችው ትንሽ ኩሬ ውስጥ፣ የከብት ኮቴ ውስጥ እንኳ ይራባል። ስለዚህ ዳሩ ላይ ተነጥለው የቀሩ ኩሬዎችን ወይ ከዋናው ውሃ ጋር አገናኙ ወይ ድፈኗቸው፣ አሳና የውሃ ተርብ እጭ የሚደርስበት ውሃ ውስጥ የትንኝ እጭ ይበላል። ካርፕ የሚባለውን አሳ ግን አታስገቡ፣ ጭቃውን እየቆፈረ ተክሉን ይነቅላል።

ከዛ ቆጠራ። ሥራ ሳትጀምሩ አንድ ዙር ቁጠሩ፣ አለበለዚያ በኋላ ለውጥ መጣ ብላችሁ ማንንም ማሳመን አትችሉም። ጠዋት፣ ሁሌ ከአንድ ቦታ፣ ፀሐይዋን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ መንጋው ሲበዛ አሥር አሥር እያደረጋችሁ። ምንም ወፍ ከሌለ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፣ ዜሮም መረጃ ነው። የሞተ ወይ አንገቱን መሸከም ያቃተው ወፍ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ የሚደረገው በእኛ ጥር መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ የጥሩን ቆጠራ እንዳያመልጣችሁና ውጤቱን ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ላኩት፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆማችሁበት ቦታና የውሃው ጥልቀት አብሮ ይጻፍ።