ሁሉም ሴኩሪቲ ሪፖርት "ክሪቲካል" ሲል የቱ ይቅደም? ችግርና መፍትሄ

ችግር፦ ኢንቦክሱ ሶፍትዌራችሁ ላይ ክፍተት አለ በሚሉ ሪፖርቶች ሞልቷል፣ ሁሉም ክሪቲካል ይላል፣ ከየት እንደምትጀምሩ ጠፍቷችኋል።

ምክንያት፦ በነጥቡ ነው የምትደረድሩት። ሲቪኤስኤስ (የክፍተት ክብደት መለኪያው) ከ0 እስከ 10 ይሰጣል ግን ክፍተቱ የናንተ ተጠቃሚ ጋ ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ከርልን (በኢንተርኔት ዳታ የሚያወርድና የሚልክ ፕሮግራም) እዩ፣ ሪትራይ-ዲሌይ (ደግሞ ከመሞከሩ በፊት ስንት ሴኮንድ ይጠብቅ) የሚለው ኦፕሽን ላይ በጣም ትልቅ ቁጥር ከሰጣችሁት ሴኮንዱ ወደ ሚሊሴኮንድ ሲባዛ ቁጥሩ ከቦታው ያልፍና ከርል ካላችሁት ቶሎ ደግሞ ይሞክራል፣ በቃ ይሄው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ተስተካክሎ ያለቀ ባግ በ2023 ሲቪኢ-2020-19909 የሚል የክፍተት መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ወጣና የአሜሪካው የክፍተቶች ዳታቤዝ 9.8 ሰጠው! ወደ 3.3 የወረደው የፕሮጀክቱ ሰዎች ከተከራከሩ በኋላ ነው።

መፍትሄ፦ ነጥቡን ሳታዩ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፦ ኢንፑቱን የሚልከው ማነው፣ ሎግኢን ሳያደርግ ይችላል ወይ፣ በዲፎልት ሴቲንግ ይሰራል ወይ? በ2021 ሎግፎርጄ (የጃቫ ፕሮግራሞች ሎግ መጻፊያ) ላይ በተገኘው ክፍተት የማይታወቅ ሰው የላከው አንድ መስመር ጽሁፍ ሎግ ውስጥ መግባቱ ብቻ ሰርቨሩ ላይ ኮድ ለማስኬድ ይበቃ ነበር። እንዲህ ያለው ሲመጣ ሌላውን ስራ ሁሉ ጥላችሁ ተነሱ።

ችግር፦ ዋናው ሪፖርት ስር ተቀብሮ ቀረ።

እኛ ጋ ደርሷል። ርዕሱ "አፕሎድ ችግር አለው" ብቻ፣ ነጥብ የለው፣ እንግሊዝኛው የተሰባበረ፣ ሶስት ሳምንት ማንም አልከፈተውም። ስንከፍተው የፋይል ስም ላይ "../" እየደጋገሙ ከፎልደሩ ወጥቶ የፈለጉት ቦታ ላይ መጻፍ ይቻላል፣ ያውም ያለ ፓስዎርድ። እስካሁን ያናድደኛል፣ ሰውየው በነጻ ሊረዳን ነው የመጣው። ምክንያቱ በአጻጻፉ መዝነነው ነው። አሁን አንድ ሰው በየሳምንቱ ተረኛ ሆኖ ሁሉንም በ2 ቀን ውስጥ ይከፍታል፣ ባይፈታው እንኳን "ደርሶናል" ይላል።

ችግር፦ ሪፖርቱ ረጅምና ያማረ ነው፣ የጠቀሰው ፈንክሽን ግን ኮዱ ውስጥ የለም።

በኤአይ የተጻፈ ነው። ከርል ከ2019 ጀምሮ የነበረውን የባግ ባውንቲ (ክፍተት ላገኘ ሰው የሚሰጥ) ክፍያ በ2026 መጀመሪያ ያቆመው እንዲህ ያለው ስለበዛበት ነው። ቨርዥኑን፣ ያስኬደውን ትዕዛዝና የወጣውን ውጤት ጠይቁ፣ ካላመጣ ዝጉት።

ችግር፦ ክፍተቱን ፐብሊክ ኢሹ (ሁሉም የሚያየው የፕሮጀክቱ ገጽ) ላይ ለጠፉት።

የት እንደሚልኩ አልነገራችኋቸውም። ጊትሃብ ላይ በፕራይቬት ሪፖርት ማድረጊያውን ከሴቲንግ አብሩት፣ ሪድሚው ላይም ጻፉት።