ካይሴዶንና ኤንዞን ስታወዳድሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከቼልሲ ሁለት አማካዮች ካይሴዶ ይሻላል ወይስ ኤንዞ? የቼልሲ ደጋፊ ባለበት ይህ ክርክር አይጠፋም። ክርክሩን እኔም እወደዋለሁ። የማልወደው ብዙ ሰው የሚያወዳድርበትን መንገድ ነው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2001 የተወለዱ ናቸው፣ ሁለቱም ከደቡብ አሜሪካ ናቸው፣ ሁለቱም ቼልሲ የገቡት በ2023 ነው። ተመሳሳይነታቸው ስለበዛ ሥራቸውም አንድ ይመስለናል። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው፣ አብዛኛው ስህተትም የሚጀምረው ይህን ካለማየት ነው።

ጎልና አሲስት ቆጥሮ መፍረድ

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። በ2024/25 ፕሪሚየር ሊግ ኤንዞ 6 ጎል አግብቶ 7 ለጎል አመቻችቷል (አሲስት)። ካይሴዶ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም። እና አለቀ፣ ኤንዞ ይበልጣል ይባላል።

እስቲ የት እንደሚቆሙ እዩ። በአሰልጣኝ ማሬስካ ጊዜ ቼልሲ ኳስ ሲይዝ ከመስመር ተከላካዮቹ አንዱ ወደ መሀል ገብቶ ከካይሴዶ ጎን ይቆማል፣ ኤንዞ ደግሞ በግራ በኩል ወደ ላይ ወጥቶ ከአጥቂው ጀርባ ይጫወታል። ስለዚህ አንዱ ሳጥን ደጃፍ ነው ያለው፣ ሌላው ደግሞ ኳስ ብትነጠቅ መልሶ ማጥቃቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው የቆመው። በጎል ብዛት ማወዳደር ማለት አጥቂንና በረኛን በጎል ብዛት እንደማወዳደር ነው።

በግንቦት 2025 ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ የተደረገውን የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ አስታውሱ። የስፔኑ ቤቲስ ገና በ9ኛው ደቂቃ ቀደመ፣ የመጀመሪያው ግማሽም የነሱ ነበር። በ65ኛው ደቂቃ የቼልሲው ፓልመር ከቀኝ በኩል በግራ እግሩ አሻገረ፣ ኤንዞ በሩጫ ሳጥን ውስጥ ደርሶ በግንባሩ አስቆጠረ። ጨዋታው የተገለበጠው እዚያ ላይ ነው፣ በመጨረሻም 4 ለ 1 አለቀ። ያ ሩጫ የኤንዞ ትልቁ ጥንካሬ ነው። ተከላካዮች አጥቂውን ሲያዩ እሱ ዘግይቶ፣ ሳይታይ ይገባል። ግን አንድ አማካይ ያን ያህል ርቀት ወደ ፊት ለመሮጥ የሚደፍረው ከኋላው ቦታውን የሚጠብቅለት ሰው እንዳለ ሲያውቅ ነው። ያ ሰው ካይሴዶ ነው። በነገራችን ላይ አራተኛውን ጎል ያገባው ራሱ ካይሴዶ ነው፣ በጭማሪ ሰዓት። በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ አንድ አግብተዋል፣ የጎሎቹ ክብደት ግን እኩል አይደለም። ቁጥር ይህን አይነግራችሁም።

የነጠቀውን ኳስና የቅብብል ፐርሰንትን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ መቁጠር

የካይሴዶ ደጋፊዎች ደግሞ በተራቸው የተነጠቁ ኳሶችን ቁጥር ይዘው ይመጣሉ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ብቻውን ብዙ አያስረዳም። ቡድኑ ኳስ በብዛት በተነጠቀበት ቀን የመንጠቅ ዕድልም ይበዛል። ካይሴዶን ካይሴዶ የሚያደርገው የሚደርስበት ሰዓት ነው። ተጋጣሚው ኳሷን ተቀብሎ የመጀመሪያውን ንክኪ ሲያደርግ እሱ እዚያ ነው። ትከሻውን ያስገባል፣ እግሩን ይሰዳል፣ ኳሷን ይዞ ይወጣል። ከዚያ የሚቀጥለውን ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ጊዜ ወዲያው ወደ ፊት ያቀብላል። ነጥቆ ወደ ኋላ የሚመልስ አማካይ ሞልቷል፣ ነጥቆ ጥቃት የሚያስጀምር ግን ጥቂት ነው።

ኤንዞ እዚህ ላይ ደካማ ነው፣ መደባበቅ አያስፈልግም። አንዴ ካለፉት ተመልሶ ለመድረስ ፍጥነቱ የለውም።

የቅብብል ፐርሰንትም እንዲሁ ያታልላል። አጭርና አስተማማኝ ኳስ የሚያቀብል ሰው ፐርሰንቱ ከፍ ይላል። ኤንዞ ኳሷ ሳትደርሰው ግራ ቀኝ ያያል፣ ከዚያ በተከላካዮች ጭንቅላት ላይ የሚያልፍ ረጅም ኳስ ይሞክራል፣ ወይም ጨዋታውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ይቀይረዋል። አንዳንዱ ይበላሻል። ያ የተበላሸ ኳስ ፐርሰንቱን ይቀንሳል፣ የተሳካው ግን አጥቂውን ከበረኛው ጋር ብቻ ለብቻ ያገናኘዋል። ወደ ጎን ብቻ ከሚያቀብል አማካይ እንዲህ የሚደፍረውን እመርጣለሁ።

ዋጋ

ኤንዞ በ106.8 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ካይሴዶ ደግሞ ከነተጨማሪ ክፍያው በ115 ሚሊዮን። ሊቨርፑል ለካይሴዶ ከያኔው ክለቡ ከብራይተን ጋር በ111 ሚሊዮን ተስማምቶ ነበር፣ ልጁ ግን ቼልሲን መረጠ። የኤንዞ ክለብ የነበረው ቤንፊካ ከ2022 ዓለም ዋንጫ በኋላ ዋጋውን አልቀንስም አለ፣ ብራይተንም በርካሽ አልሸጥም አለ። ዋጋው የሚያሳየው ሻጩ ምን ያህል እንደጠነከረ ነው። ይህን ለክርክር አታምጡት።

በመጀመሪያው ዓመት ማሰር

ነሐሴ 2023፣ ዌስት ሃም ሜዳ። ኤንዞ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ካይሴዶ ተቀይሮ ገብቶ መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አሰጠ። ቼልሲ 3 ለ 1 ተሸነፈ። በዚያ ምሽት ሁለቱም «ገንዘብ የባከነባቸው» ተባሉ፣ ያን ቀን የተለጠፈባቸውን ስም ዛሬም የሚደግም አለ።

ያ ዓመት ለማወዳደር አይመችም። ቡድኑ ገና አልተዋሃደም ነበር። ካይሴዶ የመጣው ሊጉ ከጀመረ በኋላ ነው፣ ከቡድኑ ጋር የቅድመ ውድድር ዝግጅት አልሠራም። ኤንዞ ደግሞ በሄርኒያ ሕመም ሲጫወት ቆይቶ ሚያዝያ 2024 ላይ ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ የውድድር ዓመቱም በዚያው አበቃበት። የታመመውን ኤንዞ ከጤነኛው ካይሴዶ ጋር አወዳድሮ «ኤንዞ አይሮጥም» ማለት ፍትሕ የለውም።

በአጫጭር ቪዲዮ ብቻ መተማመን

የዚያው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ካይሴዶ በርንማውዝ ላይ ከመሀል ሜዳ ያገባውን ጎል ያላየ የለም። በረኛው ወጥቶ ነበር፣ እሱ ኳሷን ሳያስቆም መታት። ለቼልሲ የመጀመሪያ ጎሉ ነበር። ድንቅ ነው! ግን ስለ ካይሴዶ የዕለት ተዕለት ሥራ ምንም አይነግርም።

ችግሩ ካሜራው ኳሷን ነው የሚከተለው። ኤንዞ ኳሷ አጠገብ ስለሆነ ሁሌም ይታያል። ካይሴዶ ግን ጥቃቱ እስኪከሽፍ ድረስ ብዙ ጊዜ ከስክሪኑ ውጭ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ቁጭ ብላችሁ ስታዩ ሰፊው ምስል ሲመጣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኳሷን ተዉና ካይሴዶን ብቻ ተከተሉት። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ሁለት ወደ ኋላ፣ የተጋጣሚው አስር ቁጥር (ከአጥቂው ጀርባ የሚጫወተው) የት እንዳለ ለማየት ዞር ማለት። ስታዲየም የገባ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል።

ሦስተኛውን ሰው መርሳት

በሐምሌ 2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ የፈረንሳዩን ፒኤስጂ 3 ለ 0 ሲያሸንፉ የቀኝ ተከላካዩ ሪስ ጀምስ መሀል ሜዳ ላይ ከካይሴዶ ጎን ነበር፣ ኤንዞ ደግሞ ከፍ ብሎ ጫና ይፈጥር ነበር። ኤንዞ ያን ቀን ጎበዝ የነበረው ከኋላው ሁለት ሰው ስለነበረ ጭምር ነው። ካይሴዶና ኤንዞ ብቻቸውን መሀል ሜዳውን ሲይዙ ግን ኤንዞ ወደ ኋላ ለመቅረት ይገደዳል፣ ግማሽ ጉልበቱም እዚያ ያልቃል። ስለዚህ የማንኛውንም ጨዋታ ነጥብ ከመስጠታችሁ በፊት ሦስተኛው አማካይ ማን እንደነበረ ተመልከቱ።

ለብሔራዊ ቡድንም ይሄው ነው። የካይሴዶ አገር ኢኳዶር በ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በ18 ጨዋታ የተቆጠረባት 5 ጎል ብቻ ነው፣ ካይሴዶ እዚያ የሚጫወተው በጠንካራ የመከላከል ግንብ ፊት ነው። ኤንዞ በ2022 የኳታር ዓለም ዋንጫ ምርጥ ወጣት ተጫዋች የተባለው የአርጀንቲናዎቹ አማካዮች ዴ ፖልና ማክ አሊስተር አብረውት እየሮጡ ነው።

አንዱ በሌለበት አንድ ጨዋታ መደምደም

ኅዳር 2025 ካይሴዶ አርሰናል ላይ ገና በመጀመሪያው ግማሽ በቀይ ወጣ። ቼልሲ ግን በ10 ሰው 1 ለ 1 ጨረሰ፣ እንዲያውም ቀድሞ ያገባው ቼልሲ ነበር። በማግስቱ «ያለ ካይሴዶም ይቻላል» ተባለ። ከቀናት በኋላ በሊድስ 3 ለ 1 ሲሸነፉ ያው ሰው «ያለ ካይሴዶ ባዶ ነን» አለ። ከዚያ በርንማውዝ ጋር 0 ለ 0፣ ከዚያ ኤቨርተንን 2 ለ 0። የቅጣቱ ሦስት ጨዋታ አንድ ሽንፈት፣ አንድ አቻ፣ አንድ ድል ሆነ። የምትፈልጉትን ሐሳብ ሁሉ ከዚህ መርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ካይሴዶን አስቀድማለሁ። የኤንዞን ጎልና አሲስት ፓልመርና ሌሎቹ ተካፍለው ሊሸፍኑት ይችላሉ፣ የካይሴዶን ቦታ ግን ሌላው የቼልሲ አማካይ ላቪያ ጤነኛ ባልሆነበት ጊዜ የሚሸፍን ሰው አላየሁም። አሥር ሰው ሳጥን ውስጥ ደርድሮ የሚከላከል ቡድን ሲመጣ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያን ቀን የሚነጠቅ ኳስ ብዙም የለም፣ የሚያስፈልገው ኤንዞ ነው።