«ዛሬ በዚህ ቤት ማን ማን ይኖራል?» ልጆች ልዩ ልዩ ቤተሰቦችን በዕቃ ዕቃ ጨዋታ እንዲያውቁ እንዴት ይደረጋል

ድሬዳዋ ውስጥ ዕቃ ዕቃ የሚጫወቱ ልጆች አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ብታዳምጡ፣ የመጀመሪያው ጭቅጭቅ «እናት እኔ ነኝ» የሚል ነው። ሁለተኛው «አባት ማን ይሁን?» ይሆናል። ወንድ ልጅ ካልተገኘ ጨዋታው ሊፈርስ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ገና በቅጡ መናገር ያልጀመረ ሕፃን እየተጎተተ መጥቶ አባት ሆኖ ይሾማል። እነዚሁ ልጆች ማታ የሚገቡበትን ቤት ስታዩ ግን አንዷ የምትኖረው ከአያቷ ጋር ነው። የአንዱ አባት ጅቡቲ ነው። የሌላዋ እናት ቤይሩት ሄዳ አክስቷ ታሳድጋታለች። አንዱ ሳምንቱን ሳቢያን ሰፈር ከእናቱ ጋር፣ ቅዳሜና እሑድን መጋላ ሰፈር ከአባቱ ጋር ያሳልፋል። ጨዋታው ውስጥ ያለው ቤት ከሚኖሩበት ቤት ጋር አይገናኝም።

ከዚህ በታች ያለው የአሻንጉሊት ጨዋታ ከ4 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች የሚስማማ ነው። በቤት፣ በግቢ፣ በመዋዕለ ሕፃናት መጫወት ይቻላል። ከመጀመራችን በፊት ግን ሁለት ነገር እንድትተዉ እጠይቃለሁ። አንደኛው ማብራሪያ ነው። «አንዳንድ ቤተሰብ እንዲህ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዲያ ነው» የሚል ንግግር ልጅ አይሰማም፤ የሚሰማው አንድ ልጅ ቢኖር የሚወራው ስለ እሱ ቤት እንደሆነ የገባው ነው፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሰማው። ሁለተኛው «ቤተሰብህን ሥለህ አምጣ» የሚባለው የቤት ሥራ ነው። ይህ ልጁ የቤቱን ጉዳይ በጓደኞቹ ፊት እንዲያስረዳ ማስገደድ ነው። አሻንጉሊት ሲኖር ግን ስለ ራሱ ማውራት የፈለገ ልጅ በአሻንጉሊቱ አፍ ያወራል፤ ያልፈለገውን ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

1. አሻንጉሊቶቹን ሥሩ

ከሱቅ አትግዙ። የሱቁ አሻንጉሊት ሁሉ ወጣት፣ ቀጭንና አንድ መልክ ነው፤ ከመካከላቸው አያት የሚሆን አይገኝም። የሚያስፈልገው በቆሎው የተበላ ቆረቆንዳ ነው። ሌላ ቦታ ሁለትና ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ መዋል ይኖርበታል፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ግን አንድ ቀን ይበቃዋል። ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኑ፤ ጥጥ፣ ክርና መቀስ አዘጋጁ።

ሃያ ያህል አሻንጉሊት ቢኖራችሁ ጥሩ ነው፦ 4 ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ 6 ጎልማሶች፣ 7 ልጆችና 3 ጨቅላዎች። ለአያቶቹ ጥጥ እንደ ሽበት ይለጠፋል። ለልጆቹ ቆረቆንዳው ለሁለት ይከፈላል። ጨቅላ የሚሆነው አውራ ጣት የምታህል ጨርቅ ተጠቅልላ ነው። ከጎልማሶቹ ለአንዳንዶቹ ሻሽ፣ ለአንዳንዶቹ ሽርጥ አልብሱ፤ ሁለቱን ግን ወንድም ሴትም ሊባሉ በሚችሉበት ሁኔታ ተዉአቸው፣ ልጆቹ እንዲወስኑ። አንዱን በምርኩዝ የሚሄድ አድርጉት።

ልጆቹ ሥራው ላይ ይሳተፉ። ራሳቸው ያለበሱትን አሻንጉሊት ቶሎ አይጥሉትም። ሁሉም ሲያልቅ አንድ ከረጢት ውስጥ ይግባ።

2. ቤቶቹን አስምሩ

ሰዓቱ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። በቀትር ሙቀት እንኳን ልጅ ዝንብም አይጫወትም። ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ በጠመኔ፣ አፈር ከሆነ በእንጨት አራት ወይም አምስት ቤት አስምሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ፤ አንዱ ባለ ብዙ ክፍል ይሁን፣ ሌላው አንዲት ክፍል ብቻ፣ ሁለቱ ደግሞ አንድ ግቢና አንድ ኩሽና የሚጋሩ። የኋለኛውን የመጋላ ልጆች ያለ ማብራሪያ ያውቁታል።

አሸዋ ላይ መጫወት ከፈለጉ አዋቂ ሰው አሸዋውን በባልዲ ያምጣላቸው እንጂ ከተማውን አቋርጦ ወደሚያልፈው፣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ወደሆነው ደቻቱ ወንዝ አትላኩአቸው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ጎርፉ ከተራራው ነው የሚመጣው፤ ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል።

3. ከከረጢቱ አውጡ

የጨዋታው እምብርት እዚህ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ወይም ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከከረጢቱ ከሦስት እስከ አምስት አሻንጉሊት ያወጣሉ። የደረሳቸውን ይዘው ወደ አንዱ ቤት ይገባሉ። መለወጥ አይፈቀድም። እናንተም የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ዛሬ በዚህ ቤት ማን ማን ይኖራል?»

ዕጣው የሚያመጣው ነገር ያስደንቃል። ለአንዷ ሁለት አሮጊቶችና አንዲት ጨቅላ ይደርሷታል። ለአንዱ አንድ ሽማግሌና ሦስት ልጆች። ለሌላው ጎልማሶች ብቻ። መጀመሪያ «ይሄ ቤት አልተሟላም» የሚል ይኖራል፤ አትመልሱለት፣ ጥቂት ጠብቁ። ልጅ ባዶ ታሪክ አይወድም። ወዲያው «እነዚህ እህትማማቾች ናቸው፣ ሕፃኗን የሰጠቻቸው ጎረቤት ናት፣ ገበያ ስለሄደች» ይላል። ወይም ሽማግሌው አያት ይሆንና ልጆቹ ከሦስት የተለያዩ እናቶች የመጡ የልጅ ልጆች ይሆናሉ። ይህን ሁሉ እናንተ አላስተማራችሁም። እነሱ ያውቁት ነበር፤ በዕቃ ዕቃ ሕግ ቦታ ስላልነበረው ብቻ ነው ሳይነገር የቀረው።

ለአሻንጉሊቶቹ አንድ ስም ብቻ ይሰጣቸው፤ የአባት ስም አይጠየቅ። በእኛ አገር የአባት ስም ከልጁ ስም ተከትሎ በየመዝገቡ ይሄዳል፤ አያቱ ወይም አጎቱ ያሳደገው ልጅ ትምህርት ቤት በአሳዳጊው ስም ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ከጀርባው ልጁ ራሱ ገና ያልተነገረው ነገር ይኖር ይሆናል። ያንን በጨዋታ መሐል መቀስቀስ የእናንተ ሥራ አይደለም።

አሻንጉሊቶቹ ሲጠራሩም አታርሙ። እናቲቱ በሶማልኛ «ሆዮ»፣ አሮጊቷ «አዬዮ» ቢባሉና ቀሪው ጨዋታ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢቀጥል፣ ልጆቹ የድሬዳዋ ልጆች ስለሆኑ ነው።

4. ስለ ሥራ ጠይቁ

ቤቶቹ ሰው ከገባባቸው በኋላ ልጆቹን ሥራ ስጡአቸው። መሽቷል በሉ፤ እራት ማን ይሠራል? ጨቅላዋ አለቀሰች፤ ማን ይነሣል? አንዱ ልጅ ትኩሳት ያዘው፤ ማን ሐኪም ቤት ይወስደዋል? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ይወጣል? በር ተንኳኳ፤ ማን ይከፍታል? አጥፍቶ ሲገኝ ማን ይቆጣዋል፣ ማንስ ያባብለዋል?

እያንዳንዱ ቤት እነዚህን በየራሱ መንገድ ይመልሳል። ሽማግሌው ሽንኩርት ይከትፋል፣ ትልቋ እህት ታናሿን ታዝላለች፣ ጎረቤት ብር ያበድራል። ለአራት ዓመት ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሰባት ዓመት የሞላቸው ግን ከእናንተ የከፋ ችግር ይፈጥራሉ፣ ቤት ኪራይ ጭምር።

5. ክር እሰሩ

ይህ ከስድስት ዓመት በላይ ለሆኑት ነው። ለየልጁ ክንድ የሚያህል ክር ስጡ፤ «የሚያስብለትን ሰው ከሚታሰብለት ጋር እሰሩ» በሏቸው። ክሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲዘረጋ ነገሩ ይጥማል። አባትና እናቱ የተለያዩበት ልጅ ለአሻንጉሊቱ በሁለት ቤት መኝታ ያነጥፍለታል። የአባቱ ሁለት ሚስቶች በሁለት ቤት የሚኖሩበት ልጅ አንዱን ሽርጥ ለባሽ በሁለቱ መካከል ያመላልሰዋል። የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ላይ ጋብቻን ይከለክላል፤ ልጁ ግን የሕግ ምክር ሊጠይቃችሁ አልመጣምና ክሩን ዝም ብላችሁ እዩለት።

ጉዲፈቻም እዚህ ላይ ይመጣል። በኦሮሞ ባህል የቆየ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ በሚሠራበት በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ደግሞ የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ጉዲፈቻ አድራጊው ልጅ ይቆጠራል፣ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለውም ግንኙነት አይቋረጥም። ለልጅ ይህን በአንቀጽ ማስረዳት አይቻልም። አንዱ አሻንጉሊት ወገብ ላይ ሁለት ክር ማሰር ግን ይቻላል፤ አንዱ የወለደችው ዘንድ፣ ሌላው የምታሳድገው ዘንድ። «የቱ ነው እውነተኛው?» የሚል ልጅ አይጠፋም። ሁለቱንም ክር ሳብ ሳብ እንዲያደርግና ራሱ እንዲያይ ፍቀዱለት።

6. ባቡሩን አስነሡ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. ባቡር ከጅቡቲ መጥቶ ሲደርስ ነው፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው እግሩ ሥር ቀረ፣ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። ሰው መሄዱና መምጣቱ በዚህ ከተማ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጨዋታው ባቡር ይኑረው፦ አራት የጫማ ካርቶን በገመድ ተቀጣጥሎ። ከግቢው ጥግ አንድ ቦታ ጅቡቲ ይባል፣ ሌላው ጅዳ፣ ሌላው አዲስ አበባ።

ከየቤቱ አንድ ሰው ይሳፈር። ማን እንደሚሄድ የሚወስነው ቤቱ ነው። ከዚያ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ የሄደው ሰው ከጨዋታው አይወጣም። አሻንጉሊቱ ከረጢት ውስጥ አይመለስም፤ ጅቡቲ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ቆርኪ ሰብስቦ እንደ ብር ይልካል፣ በስልክ ይደውላል። አሥር ደቂቃ ካለፈ በኋላ ባቡሩ ይመለሳል። የሚመጣ ይመጣል፣ የሚቀር ይቀራል፤ ሁሉንም አስገድዳችሁ አትመልሱ። በዚህ ሰዓት ዝም የሚል ልጅ ይኖራል። አጠገቡ ሁኑ፣ ወሬ አታውጣጡት።

አንዳንዱ ደግሞ «ይሄ ሞቷል» ይላል። ብዙ አዋቂ እዚህ ይደነግጣል፤ «አይ፣ አይ፣ ተኝቶ ነው» ይላል። ተዉ። ልጆቹ ለቅሶ ይቀመጣሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ጎረቤት ይመጣል፤ ይህን ከእናንተ ባልተናነሰ ያውቁታል። ከለቅሶው በኋላ ግን የአራተኛውን ደረጃ ጥያቄ እንደገና አንሡ፦ ነገ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚወስደው ማን ነው? ቤቱ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ጨዋታውን አትዝጉ።

7. ክፉ ቃል ሲወጣ

«አባት የሌለው ቤት የለም!» የሚል ልጅ ተሳዳቢ አይደለም። የሰማውን ነው የሚናገረው። አትከራከሩት፤ ወደ ቤቱ ወስዳችሁ «እስቲ እንየው፣ እራት ማን ሠራ? በር ማን ከፈተ?» በሉት። ሥራው ሁሉ ባለቤት እንዳለው ሲያይ ብዙውን ጊዜ ተቃውሞውን ይረሳዋል።

«የሴት ልጅ»፣ «ሴት ያሳደገው»፣ «ዲቃላ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ይህን ከአዋቂ ካልሰማ ከየትም አያመጣውም። ጨዋታውን አቁሙና «እዚህ ግቢ አሻንጉሊት አይሰደብም» በሉ፤ ከዚያ ቀጥሉ። የተነገረው ለአሻንጉሊቱ ስለሆነ፣ ቃሉ የነካው ልጅ በሁሉም ፊት አይታይም፤ ተሳዳቢውም ለወቀሳ አይቆምም። ደጋግሞ ካመጣው ግን ወላጁን ለብቻው ማነጋገር ነው።

የእንጀራ እናትም አንድ ቃል ይገባታል። በተረቶቻችን ሁሉ ክፉ ናት፤ ልጆቹም ገና ስሟ ሲጠራ ጥፍር ያወጡላታል። አንድ ቀን እናንተ ራሳችሁ የእንጀራ እናት የሆነችውን አሻንጉሊት ይዛችሁ ግቡ። በጣም ደግ አታድርጓት፣ አያምኑም። የምትቆጣም የምታበላም ተራ ሴት አድርጓት።

8. ጨዋታው ሲያልቅ

ክሮቹ ይፈቱ፣ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ ወደ ከረጢቱ ይመለሱ። የዛሬው ቤተሰብ ለነገ አይቀመጥም፤ ነገ ዕጣው እንደገና ይወጣል። ልጁ «የእኔን ቤት እንዳለ አስቀምጡልኝ» ብሎ አጥብቆ ከለመነ ግን ልዩ ፍቃድ ስጡት፤ ምክንያቱን አትጠይቁ።

በመዋዕለ ሕፃናት የምትሠሩ መምህራን ከመጀመራችሁ በፊት ወላጆችን ጠርታችሁ ከረጢቱን አሳዩአቸው። «ልጄን የቤቴን ምስጢር ልታስወጡት ነው?» ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም ምክንያት አለው። የምትሰጡት መልስ በተግባር የሚታይ ይሁን፦ በጨዋታው ላይ የተሰማ ነገር ለሌላ ወላጅ አይወራም፣ ቡና ላይ አይነሣም። ከዚህ ሕግ የሚወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ልጅ በአሻንጉሊቱ ደጋግሞ የሚያሳየው መደብደብን ወይም ሰውነቱን በማይገባ መንገድ መነካካትን ከሆነ፣ ልጁን በጥያቄ አታስጨንቁት፤ ያያችሁትን ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉና በአቅራቢያችሁ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ በዚያው ዕለት ሂዱ።