ለሳይበር ደኅንነት ዶክትሬት አማካሪን መምረጥና ማመልከት

በአሜሪካ በሳይበር ደኅንነት ሦስተኛ ዲግሪውን ለመማር የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ስም ነው። እኔ ግን አማካሪ ከሚሆነው ፕሮፌሰር መጀመር ይሻላል እላለሁ፤ አምስት ወይም ስድስት ዓመት የሚፈጀውን ጥናት የሚመራው፣ ብዙ ጊዜም ከምርምር በጀቱ የተማሪውን አበል የሚከፍለው እርሱ ነውና።

የፕሮፌሰሩን የሥራ ታሪክ ሲያነቡ ከማዕረጉ ይልቅ ምርምሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ይከታተሉ። ለምሳሌ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ዩጂን ስፓፎርድ በ1986 እ.ኤ.አ. ከጆርጂያ ቴክ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በደኅንነት ሳይሆን በኦፕሬቲንግ ሲስተም ጥናት ነበር። በ1988 የሞሪስ ዎርም የተባለው ራሱን የሚያባዛ ፕሮግራም ኢንተርኔትን ሲያውክ አሠራሩን ተንትነው ጻፉ፤ በ1992 ከተማሪያቸው ከጂን ኪም ጋር የፋይሎችን ያልተፈቀደ ለውጥ የሚያጋልጠውን ትሪፕዋየር የተባለ ሶፍትዌር ሠሩ፤ በ1998 ደግሞ ሴሪያስ የተባለውን የምርምር ማዕከል መሠረቱ። ከዚህ ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ የተማሪው ስም በሥራው ላይ መኖሩ ነው። እርስዎም ያሰቡት ፕሮፌሰር ባለፉት ሦስት ዓመታት በዩስኒክስ ሴኩሪቲ፣ በአይትሪፕልኢ የደኅንነት ሲምፖዚየም፣ በሲሲኤስና በኤንዲኤስኤስ ጉባኤዎች ካቀረቧቸው ጽሑፎች በስንቶቹ ተማሪ ቀዳሚ ጸሐፊ እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ምሩቃኑም የት እንደ ገቡ ይመልከቱ።

በአሜሪካ ብዙ የትምህርት ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበላሉ፤ በጀርመን ግን በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል። ትራንስክሪፕት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤትና ብዙውን ጊዜ ሦስት የድጋፍ ደብዳቤዎች ያስፈልጋሉ፤ ጂአርኢ የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ብዙዎች ስለተዉት የሚያመለክቱበትን ክፍል መመሪያ ይመልከቱ። የማመልከቻው ጊዜ በአብዛኛው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ስለሚዘጋ የሬጅስትራሩን ጉዳይ በመስከረም ይጨርሱ። ደብዳቤውን በምርምር አብሮዎት የሠራ ወጣት መምህር ቢጽፈው፣ በቅጡ የማያውቅዎት ዲን ከሚጽፈው እጅግ ይበልጣል።

የዓላማ መግለጫው ላይ ብዙ አመልካቾች ይሰናከላሉ። የሙያ ሰርተፊኬትና የሃኪንግ ውድድር ሜዳሊያ ችሎታን ያሳያሉ እንጂ ለምርምር የሚሆን ጥያቄ ማንሣት እንደሚችሉ አያሳዩም። ስለዚህ አንድ ችግር መርጠው ምን እንደሞከሩ፣ ምን እንዳልሠራና ቀጥሎ ምን መታየት እንዳለበት ይጻፉ። ያለ ፈቃድ ሰብረው የገቡበትን ሥርዓት እንደ ጀብዱ መቁጠር ግን በዚህ ሙያ ታማኝነትን የሚያሳጣ ከባድ ስሕተት ነው።

ተቀባይነት ካገኙ በኋላም አይቸኩሉ። በአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት ላይ የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ለሰጡት ተማሪ እስከ ሚያዝያ 7 (አፕሪል 15) የመወሰኛ ጊዜ ይሰጣሉ። በዚህ ጊዜ የፕሮፌሰሩን የአሁን ተማሪዎች ለየብቻ አነጋግረው፣ አማካሪያቸውን በየስንት ጊዜው እንደሚያገኙና የምርምር ገንዘቡ ሲያልቅ አበላቸው ከየት እንደሚመጣ ይጠይቁ።