ጥድ ባህር ዛፍ አይደለም፦ በጥድና በዝግባ ደን ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደጋ ላይ መሬት ያለው ሰው ባህር ዛፍ ያውቃል። ይተክላል፣ ይቆርጣል፣ ይሸጣል፣ ከጉቶው የበቀለውን ደግሞ ያሳድጋል። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ ጥድ ሲሄድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች በግል መሬትም፣ በማኅበር ደንም፣ በትልልቅ የደን ይዞታም ይታያሉ። ብዙዎቹ የሚሠሩት ገና መጥረቢያ ሳይነሳ ነው።

ከጉቶው ይበቅላል ብሎ መቁረጥ

የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላ (ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ ሌላው የውጭ ዛፍ) እና የሐበሻ ጥድ ከተቆረጡ በኋላ እንደ ባህር ዛፍ አያቆጠቁጡም። ጉቶው ይደርቃል፣ አለቀ። ስለዚህ የቆረጣ ዕቅድ የሚጀምረው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው። የፈረንጅ ጥድ ችግኝ ለተከላ እስኪደርስ ብዙ ወራት ይፈልጋል። የሐበሻ ጥድማ ዘሩ ራሱ ለመብቀል ዳተኛ ነው። በጥር ቆርጦ በሰኔ ችግኝ ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው የሚያገኘው የቀጨጨውንና የተራረፈውን ነው። ካልሆነም ክረምቱ ያመልጠዋል። አንድ ክረምት ባዶውን ያለፈ መሬት በአረምና በከብት ይያዛል፤ ዳገት ከሆነ ደግሞ አፈሩ በጎርፍ ይሄዳል።

«ጥድ» የተባለውን ሁሉ መግዛት

ችግኝ ስትገዙ የትኛው ጥድ እንደሆነ ጠይቁ። የፈረንጅ ጥድ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ዛፍ ነው። ደህና መሬት ካገኘ ከ25 እስከ 30 ዓመት ባለው ጊዜ ለጣውላ ይደርሳል። የሐበሻ ጥድ አይቸኩልም። የሚተክለው አያት፣ የሚቆርጠው የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ግን ውስጠኛው እንጨት ምስጥ አይደፍረውም። ለቋሚና ለአጥር የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ዝግባ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በልጅነቱ ጥላ ይችላል። የሐበሻ ጥድ ግን ብርሃን ካላገኘ እዚያው ይቀጭጫል። ሁለቱን በአንድ ቀን ገላጣ ሜዳ ላይ አሰልፎ መትከል ዝግባውን ማቃጠል ነው። ጥዱን መጀመሪያ፣ ዝግባውን ጥላ ከተፈጠረ በኋላ ከሥሩ መትከል ይሻላል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በሐበሻ ጥድም በዝግባም ወንዱና ሴቷ ዛፍ ብዙውን ጊዜ ለየብቻ ናቸው። «ለዘር ይቆዩ» ተብለው የቀሩት ሦስት ዛፎች ሁሉም ወንድ ከሆኑ ዘር የለም። አንዲት ሴት ዛፍ ብቻዋን ብትቀርም ያው ነው። ዘር ሲሰበሰብም ከአንድ ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ከብዙ ጤነኛ ዛፎች ይሁን። ነገሩ አዲስ አይደለም። የመናገሻ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር ተተከለ ይባላል። ዘር ከየት እንደሚመጣ ያኔም ይታሰብ ነበር ማለት ነው።

ሥሩ የተጠማዘዘ ችግኝ መትከል

ላስቲክ ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ይጠቀለላል። ከላይ አረንጓዴና ረጅም ስለሆነ ያማልላል። ከተተከለ በኋላ ግን ሥሩ በጥልቀት አይሄድም፤ ዓመታት ቆይቶ ነፋስ ይገነድሰዋል። መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ግንዱ ወፈር ያለ፣ ውሃ እየተቀነሰበት ፀሐይ የለመደ ችግኝ ምረጡ። ላስቲኩንም ሳታወጡ አትትከሉ። ይህን መጻፍ ባያስፈልግ ደስ ይለኝ ነበር።

ፓቱላ አዲስ ችግኝ ጣቢያ ላይ ቢጫ እየሆነ እምቢ ካለ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት አፈሩን አስቡ። ፓቱላ ከሥሩ ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቆየ የፓቱላ ደን ሥር ጥቂት አፈር አምጥቶ ከችግኙ አፈር ጋር መቀላቀል የታወቀ ዘዴ ነው።

ማሳሳትን (ከዛፎቹ ከፊሉን ቀድሞ ማውጣትን) መፍራት

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። በ2.5 ሜትር ርቀት ሲተከል በአንድ ሄክታር 1600 ችግኝ ይገባል። ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻ ማቆየት የሚያስብ ሰው ለጣውላ ሳይሆን ለማገር ነው የተከለው። ዛፎቹ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይመዘዛሉ፤ ውፍረት አያወጡም። መሰንጠቂያ ቤት ሲደርሱ ቀጭን ሆነው የሚገኙት ለዚህ ነው። ለጣውላ የታሰበ ደን በየተወሰነ ዓመት ይሳሳል፤ እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ከተተከሉት ከግማሽ በታች ናቸው።

ከመፍራት የሚብሰው ግን በተቃራኒው ማሳሳት ነው። ገንዘብ ሲቸግር ወፍራሙንና ቀጥ ያለውን ሸጦ ጠማማውንና መንታውን ማስቀረት። ያ ማሳሳት አይደለም፤ የደኑን ምርጥ በልቶ ግርዱን ማሳደግ ነው። የወደፊቱ ዘርም ከዚያ ግርድ ይመጣል። በሥርዓት ከሆነ መጀመሪያ የሚወጣው የታመመው፣ የተጣመመው፣ በጎረቤቱ የተዋጠው ነው። እሱም ቢሆን ለአጥርና ለማገር ይሸጣል፤ ኪሳራ የለውም።

ቅርንጫፍን ለጊዜ መተው

የፈረንጅ ጥድ የደረቀ ቅርንጫፉን ቶሎ አይጥልም። ግንዱ ሲወፍር የደረቀውን ይውጠዋል። ሲሰነጠቅ ያ ቦታ ከጣውላው ተነቅሎ ይወድቅና ቀዳዳ ይሆናል። መፍትሔው ዛፉ ወጣት ሳለ በበጋ በመጋዝ፣ ከግንዱ ጠጋ ብሎ፣ ቅርፊቱን ሳይልጡ መግረዝ ነው። በገጀራ መምታት ቁስል ያተርፋል። አረንጓዴው ክፍል ከቁመቱ ቢያንስ ግማሹን መያዝ አለበት፤ ለማገዶ ብሎ እስከ ጫፍ መላጥ ዛፉን ያስርበዋል።

ሜዳውን ሁሉ በአንድ ዓይነት መሙላት

የጥድ ክሽክሽ የምትባል ትንሽ ነፍሳት አለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ማላዊ ላይ ታየች፤ ከዚያ ወደ ኬንያ፣ በኋላም ወደ እኛ ገባች። የዛፉን ጭማቂ ትመጥጣለች፤ ቅጠሉ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። የፈረንጅ ጥድን ብቻ ሳይሆን የሐበሻውንም ታጠቃለች። ሁሉም መሬት አንድ ዓይነትና አንድ ዕድሜ ከሆነ የሚያስቆማት የለም። ከፊሉን ፓቱላ፣ ከፊሉን ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ማድረግ ገቢን ብዙም አይጎዳም፤ ጉዳት ሲመጣ ግን ሁሉም አይሄድም።

ከሥር የበቀለውን «ቁጥቋጦ» ብሎ መመንጠር

የተጨናነቀ የፈረንጅ ጥድ ደን ውስጥ ግቡ። ጨለማ ነው፤ መሬቱ ላይ የደረቀ ቅጠል ብቻ። ለዱር እንስሳ የሚበላ ነገር የለም። ያንኑ ደን ሲያሳሱት ብርሃን ይገባል። ወፎችና ጦጣዎች ከአካባቢው የተፈጥሮ ደን ዘር ይዘው ይመጣሉ። በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን የተደረጉ ጥናቶች በተተከለ ጥድና ፓቱላ ሥር ዝግባን ጨምሮ ብዙ የሀገር በቀል ዛፎች ራሳቸው እንደሚበቅሉ አሳይተዋል። ማንም ሳይተክል!

ታዲያ በብዙ ቦታ «ደኑን እናጽዳ» ይባልና ይህ ሁሉ ይመነጠራል። ችግኙ እስኪጠነክር፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት፣ ዙሪያውን ማረምና መኮትኮት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የምትመነጥሩት የእንስሳውን ቤትና የነገውን ደን ነው። የምኒልክ ድኩላ መደበቂያ ይፈልጋል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልበት የተያያዘ ቅርንጫፍ ይፈልጋል። ደጋ አጋዘንም ሙኔሳ አካባቢ የሚኖረው ግጦሽም መሸሸጊያም አጠገብ ለአጠገብ ስላገኘ ነው።

በወንዝ ዳር ያለውን የተፈጥሮ ዛፍ አትንኩ፤ ጥድም አትትከሉበት። ሰውና መንገድ ላይ የማይወድቅ ከሆነ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ አሮጌ ዛፍም ቢቆይ ለግንደ ቆርቁር፣ ለጉጉትና ለንብ ቤት ይሆናል። ጣውላ የማያወጣን ዛፍ ቆርጦ የሚገኘው ትንሽ ማገዶ ነው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨረስ

ነጋዴ «አንድ ላይ ልውሰደው» ይላል። ዋጋው ያጓጓል። ግን መሬቱ በአንድ በጋ ይራቆታል፤ የነበረውም እንስሳ መሄጃ ያጣል። ደኑን ከፋፍሎ በተለያየ ዓመት መቁረጥ ገቢውንም ያከታትላል። ቅርንጫፉን በሙሉ አታቃጥሉ። በዳገቱ አግድም ደርድሩት፤ አፈር ይይዛል።

ስለ እሳት ብዙ አልልም። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ላይ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። ከበጋው በፊት የእሳት መከላከያ መንገዱን ጥረጉ።

ፈቃዱንና መሰንጠቂያውን ኋላ ማሰብ

የሐበሻ ጥድና ዝግባ ተራ እንጨት አይደሉም። ከመንግሥት ደን መቁረጣቸው ገና በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 ተከልክሏል። የራሳችሁን ተክል ለመቁረጥም ለማጓጓዝም ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ የወረዳችሁን ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ። መኪናና መሰንጠቂያ ሳይያዝም ፓቱላ አትቁረጡ። ግንዱ ሜዳ ላይ ሲሰነብት ሰማያዊ ቀለም ይይዛል፤ ገዢውም ያንን አይቶ ዋጋ ይቀንሳል።