ጣና የማረውን ስልክ ባህር አይምረውም

የባህር ዳር ልጅ ስልኩ ውሃ ቢነካው ብዙም አይደነግጥም። የኔም ስልክ ወደ ዘጌ ስንሻገር ደንገሉ ስር ሁለቴ ወድቆ በሰላም ወጥቷል። ከዚያ ጅቡቲ ሄጄ ታጁራ ባህረ ሰላጤ ላይ ካያክ ቀዘፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስልኩ ቻርጅ አልቀበልም አለ።

ጣና ጨዋማ አይደለም። የባህር ውሃ ግን በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው። "አይፒ 68" የሚባለው ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃ ደግሞ የሚሰጠው አዲስ ስልክ ጨው በሌለው ውሃ ተፈትኖ ነው። ስለ ባህር ማንም ቃል አልገባላችሁም።

"እርጥበት አለ" እያለ ቻርጅ እምቢ ሲል

መሰኪያው ውስጥ ውሃ ቀርቷል። በግድ ቻርጅ አታድርጉት፤ ጨዋማ ውሃ ላይ ኤሌክትሪክ ሲጨመር የመሰኪያውን ጥርሶች ይበላቸዋል። ስልኩ ካልተሰነጠቀ መጀመሪያ አጥፉትና በንጹህ ውሃ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። የረጠበን ስልክ በውሃ ማጠብ ያስቃል፣ አውቃለሁ። ግን ውሃው ሲተን ጨው እዚያው ይቀራል። ከዚያ መሰኪያውን ወደ ታች አዙራችሁ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አስቀምጡት። አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

እናቴ "ጤፍ ውስጥ ቅበረው" ብላኝ ነበር። እባካችሁ! ሩዙም አይረባም፤ ጤፍ ግን ጭራሽ መሰኪያው ውስጥ ይገባል። አንዷን ፍሬ ለማውጣት በባትሪ መብራት ስታገል አምሽቻለሁ። በመርፌ መጎርጎር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

መሰኪያው ውስጥ አረንጓዴ ነገር ሲታይ

መዳቡ ዝጓል። ነጭ ዱቄት ብቻ ከሆነ ጨው ነው፣ በውሃ ይሟሟል። አረንጓዴው ግን የጠጋኝ ሥራ ነው፤ በአልኮል ያጸዳዋል፣ ካልሆነም መሰኪያውን ይቀይረዋል።

ካሜራው ከውስጥ ጉም ሲለብስ

ይሄ ነው የሚያስፈራው። ውሃው ውስጥ ገብቷል። ወዲያው አጥፉትና ወደ ጠጋኝ ሩጡ፤ ተከፍቶ ካልጸዳ ጨው ቦርዱን እየበላ ይከርማል። ስክሪን አስቀይራችሁ ታውቃላችሁ? የአጎቴ ልጅ አስቀይሮ ነበር። ጠጋኙ ስልኩን አሙቆ ሲከፍት ውሃ የሚከለክለው ማጣበቂያ ይላቀቃል፤ በአዲስ ካልተተካ "አይፒ 68" የካርቶኑ ላይ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስልኩ ቢወድቅና ጠርዙ ቢጣመምም ያው ነው።

ድምፁ ሲታፈን

ስፒከሩ ላይ ውሃ ወይም የደረቀ ጨው አለ። ያው ማጠብና ስፒከሩን ወደ ታች አድርጎ ማድረቅ ነው። የፀጉር ማድረቂያ አይነካው፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላላዋል።

ስክሪኑ በራሱ ሲነካካ

አልተበላሸም፤ ጠብታውን እንደ ጣት ቆጥሮት ነው። ጥረጉት። ፎቶ ለማንሳት የድምፅ ቁልፉን ተጠቀሙ።

እኔ አሁን ስልኬን አንገት ላይ በሚንጠለጠል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ነው የምይዘው። አዲስ ከገዛችሁ መጀመሪያ ሶፍት ብቻ ከታችሁ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሩት። ሶፍቱ ከረጠበ ለሻጩ መልሱለት።